የማክሰኞ ቅናት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ማክሰኞ ጠዋት ቤት አልቀመጥም። ማዕከላዊ ገበያ ወርጄ የማልገዛውን ቲማቲም አገላብጣለሁ፤ ሻጮቹ ስለለመዱኝ ዝም ይሉኛል። ቤት ከዋልኩ ጆሮዬ አያርፍም። የምንኖረው ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 5 የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ብዙ ዘመን ካስተማርኩበት ትምህርት ቤት አጥር ማዶ ነው፤ ማክሰኞ ደግሞ ልጆቹ ኮምቦልቻ ካሉ እኩዮቻቸው ጋር በቪዲዮ የሚገናኙበት ቀን ነው። ሲስቁ ይሰማኛል። እኔ የሌለሁበት ሳቅ ነውና አልወደውም።

ባለቤቴ የአዲስ አበባና የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። «አንቺ እኮ መኪናዬን አጥቤ ስጨርስ እንኳ ታኮርፊያለሽ» ይለኛል። አልተሳሳተም። ቀናተኛ ሆኜ ተወለድኩ፣ ቀናተኛ ሆኜ አስተማርኩ፣ ይኸው ቀናተኛ ሆኜ ጡረታ ወጣሁ። የሥራ ዘመንሽን ጻፊ የሚሉኝ ሰዎች ስለ ትዕግሥትና ስለ ፍቅር እንድጽፍላቸው ይመስለኛል የሚፈልጉት። እሱን ሌላ ሰው ይጻፈው፤ እኔ የማውቀውን ልጻፍ።

የመጀመሪያ ምድቤ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚመጣው ሐዲድ ዳር ያለች፣ ነፋስ የማይለያት ትንሽ ጣቢያ ነበረች። እዚያ ባላንጣዬ ባቡሩ ነበር። ፊደል እያስቆጠርኩ ፊሽካው ሲሰማ ክፍሉ ባዶ ይቀራል። ጠመኔዬን እንደያዝኩ በር ላይ ቆሜ፣ ከልጆቹ አንዱ እንኳ ዞር ብሎ ያየኝ እንደሆነ እጠብቃለሁ፤ አንድም አይዞርም። ቀጥሎ ድሬዳዋ ተዛወርኩ። እዚያ ደግሞ ዳይሬክተሩ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር የሒሳብ መምህርቷን ያመሰግን ነበር፤ ስሟን እስከ ዛሬ ቤቴ ውስጥ አልጠራም። ትዳር ስይዝ ባለቤቴ ከሚመላለስበት መንገድ ጫፍ ብንኖር ይሻላል ተባባልንና ጅቡቲ ገባሁ።

ትምህርት ቤቱ ጥቂት ክፍሎች ያሉት፣ ከመኖሪያ ቤትነት የተለወጠ ግቢ ነው። ተማሪዎቼ የትራንዚት ሠራተኞች፣ የጋራዥ ሰዎችና ካርቲየ 4 ምግብ ቤት የከፈቱ ኢትዮጵያውያን የወለዷቸው ልጆች ናቸው። ቤት አማርኛ፣ መንደር ሶማሊኛ፣ ቴሌቪዥን ላይ ፈረንሳይኛ ይሰማሉ፤ ክፍል ሲገቡ ሦስቱንም ባንድ አፍ ያወጡታል። እኔ አማርኛውን ለይቼ ማውጣት ነበር ሥራዬ። ደመወዙ የሚወራ ስላልሆነ አላወራውም።

ሙያውን ያስተማሩኝ የመጀመሪያው ዳይሬክተራችን አቶ ጌታነህ ናቸው። አጭር፣ ቀጭን፣ በዚያ ሙቀት ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። ከሁላችንም ቀድመው ይመጡና የክፍሎቹን ወለል ውሃ ያርከፈክፉ ነበር። ልጆቹ ሲገቡ ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነው፤ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ያሳርፉበታል። «እግሩ የቀዘቀዘ ልጅ አይቁነጠነጥም» ይሉ ነበር፣ እውነትም አይቁነጠነጥም። ክፍል ገብተው አይቆጣጠሩም። ከውጭ ግድግዳውን ተደግፈው ያዳምጣሉ። ለምን አይገቡም ብላቸው «ፊቴን ካየሽ ለእኔ ነው የምታስተምሪው» አሉኝ። ልጅ ሲጠይቁ ደግሞ ጥያቄውን ጣል አድርገው ዓይናቸውን ወደ መስኮት ያዞራሉ። በመስኮቱ የሚታይ ነገር የለም፣ የጎረቤት የውሃ ታንከር ብቻ ነው። ልጁ ግን ማንም እንዳላፈጠጠበት ሲያውቅ አፉን ይከፍታል።

ከሁሉ በላይ የቀናሁባቸው በአስተራረማቸው ነው። አንድ ልጅ መጥቶ «ጋሼ፣ ካዬዬን ሜዞን ረሳሁት» ሲላቸው አይስቁም፣ አይቆጡም። «አይ፣ ደብተርህን ቤት ረሳኸዋ! ነገ ታመጣዋለህ» ይሉታል። ልጁ ታርሞ ሳለ የታዘነለት እየመሰለው ይሄዳል፤ በማግሥቱ ደብተር ይላል። እኔ ምላሴ ስለሚቀድመኝ ይህን ለመልመድ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ጡረታ ወጥተው ወደ ድሬዳዋ ሲመለሱ ግቢው በሙሉ እያለቀሰ ሸኛቸው። እኔም አለቀስኩ፤ ግማሹ ለቅሶዬ ግን፣ በእኔ ጊዜ ይህን ያህል ሰው ያለቅስ ይሆን እያልኩ ነበር።

ከእሳቸው በኋላ ያየኋቸውን አለቆች ልለፋቸው። ቪዲዮውን ያመጣችው የመጨረሻዋ ዳይሬክተሬ ናት፤ ልጄ ልትሆን የምትችል፣ ደረጃ ሁለት ሁለቱን የምትወጣ ሴት። አንድ ቀን ሰብስባን «የእኛ ልጆች አገራቸውን የሚያውቁት በወሬ ነው። እዚያ ያሉት ልጆች ደግሞ ጅቡቲን የሚያውቋት እናትና አባት የምትወስድ ቦታ አድርገው ነው። እስቲ ፊት ለፊት ይተያዩ» አለችን። ሐሳቡን ወደድኩት። ችግሩ ጓደኛ የሚሆነን ትምህርት ቤት አለመገኘቱ ነበር፤ የጠየቀቻቸው ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች መልስ ሳይሰጧት ቀሩ።

ያገኘችልን ዘሃራ ናት። ዘሃራ የሦስተኛ ክፍል ተማሪዬ የኢክራም ቤት ሠራተኛ ናት፤ የኢክራም አባት የትራንዚት ሥራ የሚሠራ የድሬዳዋ ሰው ነው፣ ዘሃራም እዚያው ታድራለች። ጠዋት ኢክራምን ታደርሳለች፣ ቀትር ላይ ጃንጥላ ይዛ ትወስዳለች። ወሬውን ከኢክራም ሰምታ በር ላይ ያዘችኝ።

«እትዬ፣ ልጄ የምትማርበት አለ፣ ኮምቦልቻ። የአስተማሪዋ ቁጥር እኔ ጋ አለ። ደግ ልጅ ነው ወላሂ፣ ስደውል ያገናኘኛል።»

«ልጅሽ ስንተኛ ክፍል ናት?»

«ሦስተኛ። እንደ ኢክራም።»

ሐያት ትባላለች። ዘሃራ ሐያትን ጡት ባስጣለች ማግሥት እናቷ ጋ ትታት እዚህ መጣች፤ እጇ ሳያርፍም ኢክራምን ከነአራስ ልብሷ ተረከበች። በመሐል አንድ ጊዜ አገር ገብታ ነበር። ሐያት ከአያቷ ቀሚስ ኋላ ተደብቃ «አላውቅሽም» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ፣ ማዳሟ፣ የኢክራም እናት፣ ስትለቃት፣ በስልክ ነው እናትነቷ።

ደጉ ልጅ የተባለው አስተማሪ ሰይድ ነበር። መጀመሪያ ሳየው ምኑም አላስፈራኝም፤ ጸጉሩ የቆመ፣ ሸሚዙ ያልተተኮሰ ወጣት። በኋላ ነው ጉዱ የገባኝ። ሰይድ ሲስቅ ድምፅ አያወጣም፣ ትከሻው ነው የሚስቀው። በሁለተኛው ማክሰኞ የእኔ ልጆች ሁሉ በትከሻቸው ይስቁ ጀመር።

የቪዲዮ ትምህርት እንደ ሌላው የራሱ ሙያ አለው፤ እኔም በእርጅናዬ ቶሎ ያዝኩት፣ ይህን ማንም አይነጥቀኝም። እኛ ዓርብና ቅዳሜ ስለምናርፍ እነሱ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ስለሚያርፉ ማክሰኞን መረጥን። መስኮቱ ከልጆቹ ኋላ ከሆነ የጅቡቲ ፀሐይ ፊታቸውን ያጠቁረዋል፤ ስለዚህ ወንበሩን ሁሉ አዞርኩት። ቬንቲሌተሩ ድምፅ ይበላል፤ ስለዚህ እሱን አጥፍቼ አስቀድሜ ወለሉን ውሃ አርከፈክፋለሁ። ልጆች ቴሌቪዥኑን እንጂ ካሜራውን ስለማያዩ፣ ላፕቶፑን ከቴሌቪዥኑ ሥር በመጻሕፍት ክምር ላይ አስቀመጥኩት፤ ያኔ የኮምቦልቻዎቹ የእኛን ልጆች ዓይን አገኙት። ሌላው ችግር ድምፁ ዘግይቶ መድረሱ ነው። እዚህ አንዱ ሲጀምር እዚያ ሌላው ይጀምራል፣ ከዚያ ሁለቱም አፍረው ዝም ይላሉ። መላ አወጣሁለት፦ ተናጋሪው ሲጨርስ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል፣ እጅ ደረት ላይ ሳይወጣ ማንም አይጀምርም። ሰይድ ወደደውና ለእሱም ልጆች አስተማረ። በሳምንቱ ኢክራም ለጓደኛዋ «ቲቸር ሰይድ ያሳየንን አድርጊ እንጂ» ስትል ሰማኋት።

«እኔ ነኝ ያወጣሁት!» አልኩ፣ ለክፍሉ ሁሉ።

«እሺ ቲቸር» አሉኝ፤ የታመመ ሰው እንደሚያባብሉ።

ለዘሃራ ግን እነዚያ ማክሰኞዎች ሌላ ነበሩ። ኢክራምን ካደረሰች በኋላ ትቆያለች። እኔ መስመሩን ስከፍት፣ ልጆቹ ሰልፍ ላይ ሳሉ፣ ሐያት ቀድማ ትገባና ጥቂት ያወራሉ። መጀመሪያ ሐያት «ደህና ነኝ» ብቻ ነበር የምትለው። ቀስ በቀስ ሹሩባዋን ማሳየት፣ አያቷን ፍየሏን ደበደበች ብላ መክሰስ ጀመረች። አንድ ጊዜማ «እማ፣ አንቺ ግን ጉንጭሽ ላይ ያለው ምንድነው?» ብላ ወደ ስክሪኑ ተጠግታ የዘሃራን ማድያት ስትመረምር አየሁ። ዘሃራ የዚያን ቀን ከበር ስትወጣ በሩን መዝጋት ረሳች።

የኮምቦልቻ ልጆች የመጀመሪያ ጥያቄ ባሕር ነበር። አሳዩን አሉ። ኩራቴ መጣ፤ ባሕር ሰይድ የሌለው፣ እኔ ያለኝ ነገር ነው። ልጆቹን አሰልፌ፣ የዳይሬክተሯን ስልክ ይዤ ወደ ባሕር ዳርቻ ወረድን። እዚህ የሚኖር ሕፃን እንኳ የሚያውቀውን ነገር በደስታዬ ረሳሁት፤ ባሕሩ፣ በየቀኑ ሰዓቱን ጠብቆ እንደሚያደርገው፣ ሸሽቶ ነበር። የነበረው ጭቃ፣ በጎናቸው የተኙ ጀልባዎችና የሚሮጡ ሸርጣኖች ናቸው።

«ባሕሩ የታለ?» አለች አንዲት ድምፅ ከኮምቦልቻ።

«እትዬ ጥሩወርቅ እንግዳ ይመጣል ብለው ወልውለውት ይሆናላ!» አለ ሰይድ።

እነዚያ ሳቁ። ይሁን። የእኔዎቹም በትከሻቸው ሳቁ። እዚያው ጭቃው ላይ ቆሜ ጠላሁት።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ደግሞ ሰማዩ ራሱ ከእሱ ጋር ወገነ። ትምህርቱ መሐል ላይ ኮምቦልቻ በረዶ ጣለ። ሰይድ ስልኩን ይዞ ወጣ፣ ልጆቹ ተከተሉት፣ በረዶውን በቀሚሳቸውና በኮፍያቸው እየለቀሙ አሳዩን። ዝናብ እንኳ እንደ ዘመድ አልፎ አልፎ የሚጎበኛቸው የእኔ ልጆች ወንበር ላይ ቆመው ጮኹ። አንዱ «ቲቸር፣ ፍሪጅ የለም እኮ እዚያ!» እያለ ነፍሱን ሊስት ደረሰ። ከዚያ በኋላ እሑድም ሰኞም የምጠየቀው አንድ ጥያቄ ሆነ፦ «ማክሰኞ መቼ ነው?» እሑድን የሚያስተምራቸው ማን ነው? ድርሰታቸውን የሚያርመው፣ ሲያስመልሳቸው ግንባራቸውን የሚይዘው ማን ነው? ሰይድ ነው?

ከበረዶ የሚበልጥ ነገር ማግኘት ነበረብኝ። አስቤ አስቤ ምግብ አልኩ። ሁሉም ከየቤቱ ቀትር የሚበላውን ይዞ ይምጣ፣ የሠራው ሰውም ይምጣና አሠራሩን ይንገር። ጅቡቲ ምግብ ላይ ደግሞ አንታማም፤ እንጀራ መሰሉ ላሆሁ፣ የየመን ዓሣው፣ ባህር ማዶ የሚሸት ሩዙ። የዕለቱ እንግዳ ዘሃራ እንድትሆን አደረግኩ። የሐያት እናት እዚህ ተከብራ፣ ስሟ ተጠርቶ፣ በሙሉ ክፍል ፊት ስትቀመጥ ሰይድ ምን ሊያመጣ ነው? ያሸነፍኩት መስሎኝ ሌሊቱን በሰላም ተኛሁ።

ቀኑ ሲደርስ ሐያት የፊተኛው ወንበር ላይ አዲስ ሻሽ አስራ ተቀምጣለች። ጎረቤቶቿን በክርኗ እየነካች እናቷን ታሳያለች። «ይህች የሐያት እናት ናት» ስል ሁለቱም ክፍል አጨበጨበ። ዘሃራ ካሜራው ፊት ተቀምጣ የሩዙን ሳህን ከፈተች፤ ዓሣው እንዴት እንደሚጠበስ፣ ሩዙ ቅመሙን መቼ እንደሚጠጣ ተናገረች። መጀመሪያ ወደ ሳህኑ አቀርቅራ ነበር፣ በኋላ ተዝናናች። ኢክራም ከጎኗ ናት።

ያኔ ኢክራም አፏን ከፈተች። ማንም አላላትም፤ ቤት ቀትር ላይ ሁሌ የምታደርገው ነው። ዘሃራም ንግግሯን ሳታቋርጥ ሩዙን በጣቶቿ ሰብሰብ፣ ጠቅለል አድርጋ አጎረሰቻት። ወዲያው ደገመቻት፤ ከንፈሯ ላይ የቀረውንም በአውራ ጣቷ ጠረገችላት። እጇ ነው ያደረገው፣ ዘሃራ እዚያ አልነበረችም። ልጆቹ ሳቁ፤ ይህን ያህል አድጋ ትጎርሳለች ብለው። ኢክራም ጉንጯ እንደሞላ እሷም ሳቀች።

ሐያት አልሳቀችም። ጥቂት አየች፣ ከዚያ ተነስታ ከምስሉ ወጣች። የቀረው ባዶ ወንበር ነው። ዘሃራ «ሐያት!» አለች፤ እጇ በዘይት ተነክሮ በአየር ላይ ቀረ። ሰይድ «መጸዳጃ ቤት ሄዳ ነው» አለ። አለመሆኑን ሁላችንም አወቅን።

በረጅሙ የሥራ ዘመኔ ያበላሸሁት ትምህርት ብዙ ነው፤ ልጅ ከእናቱ የለየሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው። በዚያ ዓርብ ዘሃራ ደወለች፣ ሐያት ስልኩን አልወሰደችም። በቀጣዩም አልወሰደችም። ማክሰኞ የሐያት ወንበር ላይ ሌላ ልጅ ተቀመጠ። ዘሃራን በሩ ጋ ጃንጥላዋን አጥፋ ፀሐይ ላይ ቆማ አገኘኋት።

«እትዬ፣ ልጄ እጄ ላይ ልትገባ ስትል አመለጠችኝ» አለች። «የሰው ልጅ አጎረስሽ ብላኝ ነው። ለማን ብዬ ነው የሰው ልጅ የማጎርሰው? እንዴት ብዬ ላስረዳት?»

ማስረዳቱን ሰይድ ተያያዘው። ለሐያት ብቻዋን አስረዳት፤ እናትሽ የምትሠራው ለአንቺ ነው፣ ይህ ቀሚስሽ ከዚያ ነው፣ ይህ ደብተርሽ ከዚያ ነው። አልሆነም። ስለ እናት ድካም ለክፍሉ ትምህርት አዘጋጀ፣ ልጆቹን ስለ እናት አስዘመረ። ሐያት መሐረቧን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ተኛች። በመጨረሻ ማክሰኞ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት መቅረት ጀመረች። ሰይድ ደውሎ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ የደከመ ነበር። «እትዬ፣ ያላልኳት የለም፤ አቃተኝ» አለኝ።

ደስ አለኝ። አልዋሽም። ያ ሁሉ ልጅ የሚወደው ሰው ያቃተው ነገር መኖሩ ለአንድ አፍታ ልቤን አሞቀው። ወዲያው ግን ዘሃራ ትዝ አለችኝ፤ ደስታዬም እዚያው ላይ ቆመ። ሰይድ የሳተው ምን እንደሆነ ደግሞ በደንብ ገብቶኝ ነበር። ማስረዳት ላልገባው ሰው ነው። ሐያት ገብቷታል። ቀናተኛ ሰው ሁሉ ነገር ገብቶት ነው የሚቃጠለው። በዚህ ጉዳይ ከእኔ በላይ የተማረ አስተማሪ ከየት ይመጣል?

«ነገ ስልክህን ስጣትና ሂድላት። ምንም አትበላት፣ ቲቸር ጥሩወርቅ ስለ ራሷ ልታወራሽ ነው በላት» አልኩት።

በማግሥቱ ስደውል የሐያት ትንፋሽ ብቻ ነበር የሚሰማኝ።

«ሐያት፣ እኔ በአስተማሪሽ እቀናለሁ» አልኳት።

ትንፋሿ ወደ ስልኩ ቀረበ።

«ተማሪዎቼ ከእኔ ይልቅ እሱን ይወዱታል። በረዶ አሳያቸው፣ እኔ ጭቃ አሳየሁ።»

«ትልቅ ሰው ይቀናል?» አለች።

«እኔ እቀናለሁ።»

«ሲቀኑ ምን ያደርጋሉ?»

«የዚያን ቀን የቤት ሥራ አበዛባቸዋለሁ።»

ሳቅ የሚመስል ነገር ሰማሁ። አልተጣደፍኩም። በጎረቤት የቆመውን ታንከር እያየሁ ጠበቅኩ።

«እኔን አጉርሳኝ አታውቅም» አለች። «እሷ ሁሌ ነው?»

ልዋሻት ይገባኝ ነበር ይሆን? «ሁሌ ነው» አልኳት። «አንቺ ምን ብናደርግልሽ ትወጃለሽ?»

«ኢክራም ትውጣ» አለች። «ሁሉም ይውጣ። ማንም እያየን እንዳይሆን። ቶሎም እንዳይዘጋ።»

እሺ አልኳት። እሺ ስል ግን ጊዜው ከየት እንደሚመጣ አላሰብኩም ነበር። የትምህርት ዓመቱ ሊያልቅ አንድ ማክሰኞ ነው የቀረው፤ ያ ማክሰኞ ደግሞ የእኔ የጡረታ ሽኝት ነው። የሁለቱም አገር ልጆች መዝሙር ሲያጠኑልኝ ሰንብተዋል። ወላጆች ኬክ አዘዋል። የኮምቦልቻዎቹ ስዕሌን ሥለዋል ተብሏል፤ ሰይድ እንኳ ንግግር አዘጋጅቷል። አቶ ጌታነህ ሲሸኙ ካለቀስኩ ጀምሮ የጠበቅኩት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ዕረፍት ነው፣ መስመሩም እስከ ክረምቱ ማብቂያ ይዘጋል፤ ሐያትን እስከዚያ ብንተዋት እንደማትመለስ አውቅ ነበር። ኩርፊያ ሲከርም ቤት ይሠራል።

ዳይሬክተሯ ስነግራት ብዕሯን ጣለች። «እትዬ፣ ሽኝትዎ እኮ ነው! ልጆቹስ? ሌላ ቀን ይደረግላቸው።»

«ሌላ ቀን የለም። ዘሃራም ዓርብ እንጂ ሌላ ቀን አትለቀቅም፣ ዓርብ ደግሞ ግቢው ዝግ ነው፤ ማክሰኞንም ማዳሟን ለምኜ ነው» አልኳት።

«ታዲያ መዝሙሩን?»

«ግቢ ውስጥ ይዘምሩልኛል፤ የእኔዎቹ ብቻ።»

የከበደኝ ለኢክራም መንገር ነው። «ለምንድነው እኔ የምወጣው? ዛሁ የእኔ ናት!» ብላ፣ ዘሃራን በቁልምጫ ስሟ ጠርታ፣ መሬቱን በእግሯ መታች።

«የሐያትም ናት።»

«ሐያት ማክሰኞ ብቻ ነው የምታያት!»

«ለዚህ ነው ማክሰኞን የሰጠናት» አልኳት። አልተዋጠላትም፣ እኔም እንዲዋጥላት አልጠበቅኩም።

ቀኑ መጣ። ዘሃራ የክት ሻሿን አስራ፣ ክዳን ያለው ሳህን ይዛ ገባች። ለሽኝቴ ያመጣችልኝ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ፤ ሳታየኝ አልፋ ካሜራው ፊት አስቀመጠችው። መስመሩን ከፈትኩ። በወዲያኛው ክፍል ሐያት ብቻዋን ነበረች፤ ሰይድ ከኋላዋ ቆሞ እጁን አውለበለበልኝና፣ በሩን ሳብ አድርጎ ወጣ። ንግግሩን ሳያደርግልኝ። ሐያትና እናቷ ተያዩ። እኔ ድምፁን አስተካክላለሁ ብዬ ላፕቶፑን እነካካለሁ፣ ወንበር አቃናለሁ። ልቀር ፈልጌ ነበር። ይህን ያህል ሰጥቼ ትንሽ ባይ ምን አለበት እያልኩ።

«ቲቸር» አለች ሐያት። «እርስዎም ይውጡ።»

ወጣሁ።

ልጆቹ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ተኮልኩለው መዝሙሩን ዘመሩልኝ፤ ሙቀት ስለነበር ግማሹ እየተንጠራራ ነው የዘመረው። ኬኩ ክሬሙ ቀለጠ። ከክፍሉ ግን ምንም አይሰማም። ኢክራም ከልጆቹ ተለይታ በሩ ፊት ሲሚንቶው ላይ ተቀምጣ፣ ጆሮዋን እንጨቱ ላይ አድርጋለች። ልገሥጻት ሄጄ፣ ከጎኗ ቆሜ ቀረሁ። አንድ ጊዜ የሳቅ ድምፅ የሰማን መሰለን። የዘሃራ ይሁን የሐያት መለየት አልቻልንም።

በሩ ሲከፈት ዘሃራ ፊቷን በሻሿ ጫፍ ይዛ ወጣች። ምን እንዳለቻት ጠየቅኳት። ጉልበቴን በእጇ ነካ አድርጋ፣ ፊቷን ልትታጠብ ወደ ቧንቧው ሄደች። እስከ ዛሬም አልነገረችኝም።

ገባሁ። ኢክራም ተከተለችኝ። መስመሩ ተዘግቷል። ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ ባዶውን ተቀምጧል። ቴሌቪዥኑ ላይ፣ የሐያት ፊት በነበረበት ቦታ፣ መስታወቱ በዘይት ተለውሶ አንድ ሁለት ፍሬ ሩዝ ተጣብቆበታል። ጉርሻው መስታወቱን እየነካ ከዚያ የት እንደገባ የዘሃራና የልጇ ጉዳይ ነው።

ኢክራም መስታወቱን ብዙ አየችው።

«ቲቸር፣ ሐያትን አጎረሰቻት?»

«አጎረሰቻት።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሳህኑን ሙሉ» አልኳት።

አገጯን ደረቷ ላይ ጥላ ከንፈሯን ነከሰች። ያንን ፊት አውቀዋለሁ። አላባበልኳትም፤ ለዚያች ቀን የመቅናቱ ተራ የእሷ ነበር።